መሣሪያ ጠባቂው

ጋምቤላ
ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለሺታዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? ዕዝራ የደሴን ብርድ ለመደው ወይስ እንደ እናቱ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው? እኔ በጣም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ አንቺ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ስለምታውቂ ልተወው።

እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል፤ ባሮም ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል። አዲሱ አዛዣችን ከሥራ በኋላ ማንም ፖሊስ ተጎልቶ እንዳይውል ስላዘዘ፣ አመሻሽ ላይ አሸዋው ላይ መረብ ኳስ እንጫወታለን። ጠመንጃችንን ማንጎው ሥር እናስደግፍና አንድ ሰው በተራ ይጠብቃል።

እኔ ግን የሰውን ተራ ሁሉ እየለመንኩ እወስድ ነበር። ኢታንግ ላይ ጀልባ ተገልብጣ የሰመጡትን ልጆች ካወጣን ወዲህ ሩጫም ሳቅም አስጠልቶኝ ነበር። ታውቂው የለ፤ ዕዝራን ገንዳ ውስጥ ስታጥቢው "አውጪው!" ብዬ ግቢውን ሳናውጠው ነው ጓዝሽን የጠቀለልሽው። አልፈርድብሽም። ጤና ጣቢያ ሄጄም ራሴን ያመኛል ነው ያልኳቸው። ፖሊስ ሆኖ መንፈሴ ታወከ ይባላል እንዴ? ጓደኞቼማ "ገሠሠ ደግ ሰው ነው፣ እኛን አጫውቶ እሱ ይጠብቃል" እያሉ ሲያመሰግኑኝ ከረሙ።

ያልተሸወደው ኦቹዶ ብቻ ነው፤ ያ ዓሣ ይዞልን ይመጣ የነበረው ባልደረባዬ። ያን ቀን ጀልባዋ ጋ አብሮኝ ዋኝቷል። አንድ ምሽት ኳሱን ትቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"የሁሉም ጠመንጃ ዛፉ ሥር ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ያንተ ለምን ጭንህ ላይ ነው?"

 ያሰብኩትን አውቆብኝ ነበርና፣ መልሴን ሳይጠብቅ ጠመንጃውን ከጭኔ አንስቶ ከሌሎቹ ጋር አቆመና ክንዴን ይዞ ወደ ጨዋታው ገፋኝ። አለቀስኩ ሺታዬ። ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስቀረኝም። እኔና ኳስ እንደማንተዋወቅ ታውቂያለሽ፤ የመታሁት ሁሉ ባሮ ይገባል። ሆት የሚባል ረጅም ልጅ አለ፣ እሱ ገብቶ ያወጣልኛል፣ ሰውም ሆዱን ይዞ ይስቃል። መጀመሪያ ኳሱ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ማየት አልችልም ነበር፤ ፊቴን አዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ራሴ ገብቼ አወጣሁት። እንቅልፍም መጣሁ መጣሁ ይለኛል፤ ምግብም ይጥመኝ ጀምሯል።

እናትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ዕዝራን ስታጥቢው ውኃውን እንደልቡ ይራጭ፤ አትከልክዪው።

"ልምጣ ወይ?" ብለሽ ላክሽብኝ። ነይ ለማለት ምላሴን በልቶኛል። ትናንት ኦቹዶን "ዛሬ እኔ ልጠብቅ" ብለው፣ ትክ ብሎ አየኝና "ገና ነው፤ ተጫወት" አለኝ። አልተቀየምኩትም። አንቺም ትንሽ ታገሺኝ። እሱ አምኖኝ መሣሪያ የጠበቅኩ ዕለት እጽፍልሻለሁ፤ ያን ጊዜ ልጄን ይዘሽልኝ ነይ።

ፈጣሪ እስከዚያ ሦስታችንንም ይጠብቀን።

ያንቺው
ገሠሠ