ታጥፎ የመጣው ናስ

ብቸና፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለሄለን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትርሲትስ ደህና ናት? ያ ጥርሷ ወለቀ ወይስ አሁንም በምላሷ እየነቀነቀች ታስቸግርሻለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። የምግቤን ነገር ብቻ አታንሺብኝ፤ ሽሮውን ሳሳርር ጾሙ ተጋመሰ። የስልክ መስመሩ ከጠፋ ስለቆየ ይህን ደብዳቤ መሪጌታ አካለ ወልድ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አማኑኤል ከተማን አልፈው የሚሄዱበት ጉዳይ ስላላቸው፣ እህትሽ ቤት ድረስ ራሳቸው ያደርሱልሻል።

ተኳርፈን እንደተለያየን አልረሳሁም። "ሱቁን ዝጋና አብረን እንሂድ" ስትዪኝ እምቢ ያልኩሽ ደፋር ስለሆንኩ አልነበረም። በጾም ጸናጽል ስለማይጸነጸል ደብሮቹ የተሰበረባቸውን ሁሉ ወደ እኔ የሚያመጡት በዚህ ወቅት ነው፤ ለትንሣኤ ሌሊት ካላደረስኩ የትኛው ካህን ይምረኛል? ይህን አስረድቼ "በይ ለፋሲካ ነይ" ልልሽ ነበር ሐሳቤ። አሁን የምነግርሽ ግን ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ናስ እንዴት እንደምመርጥ ታውቂያለሽ፤ ስትስቂብኝ ነው የኖርሽው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋለሁ፤ ከሳበው ናስ ሳይሆን የተቀባ ብረት ነው። ቀጥሎ ጠርዙን በጣቴ ጎበጥ አደርገዋለሁ፤ ተፈናጥሮ ከተመለሰ ደረቅ ስለሆነ እሳት ይፈልጋል፣ እንደጎበጠ ከቀረ ለስልሷል። መጨረሻ ላይ በጥፍሬ መታ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ። አንድ ቀን "ሚስትህን እንዲህ አዳምጠህ ታውቃለህ?" አልሽኝ። እውነትሽን ነበር።

ሳልመረምር የምቀበለው የአብዱልዋሂድን ናስ ብቻ ነው። ከሞጣ ሲመጣ ላሜራውን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ አውቶቡስ ውስጥ ታቅፎት እንደሚቀመጥ ታስታውሻለሽ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልስቀለው ሲለው "ወላሂ፣ ከፈለግህ እኔን ስቀለኝ" ይላል። ስስ ናስ አንዴ ከታጠፈ የእጥፉ መስመር አይጠፋም፤ ሊያቃኑት ሲቀጠቅጡት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ይህን ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ባለፈው ሰኞ አንድ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ዩኒፎርም አልለበሰም፤ ከየት ወገን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከጆንያ ውስጥ ናስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለአራት ታጥፏል።

"አብዱልዋሂድ ሰላም ብሎሃል። እሱ ነው የላከልህ" አለኝ።

ሄለን፣ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። አብዱልዋሂድ ማዕዘኑ ላይ በምስማር የሚጭራት ምልክት አለች፤ ናሱስ የእሱ ነው። ግን እሱ ናስ አጥፎ አይልክም። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ጠቅልሎ ነው የሚያወጣው።

"ምን ልሥራበት?" አልኩት።

"ትንንሽ ሰሌዳ፣ የአውራ ጣት ያህል። አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ከላይ ቀዳዳ ይኑረው።"

"ምን ስም ልጻፍበት?"

"ስም አያስፈልግም። ቁጥር ብቻ፣ በተከታታይ።"

"ስንት ልሥራ?"

ናሱን አየት አደረገና "እስኪያልቅ" አለኝ።

በማን አንገት ላይ እንደሚንጠለጠል አልነገረኝም። ያ አንገት የሚተነፍስ ሰው ይሁን የሞተ እንኳ አላውቅም። ፈራሁ። "ደርቋል፤ በእሳት ሳላለሰልስ ከቆረጥኩት ይሰነጠቅብኛል፣ ጊዜ ስጠኝ" አልኩት። ውሸቴን ነው። ለዚያች ሰሌዳ መቀስና መብሻ ከበቂ በላይ ነው። ሙያው የለውምና አመነኝ፣ ወይም ያመነኝ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጣ በሩ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል። ሰላምታው ያማረ ነው፤ ቆሎ ይዞ መጥቶ "እንካ ጌታዬ" ይለኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ። እኔም ፍም አቀጣጥዬ ናሱን አግላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ደግሞ አግላለሁ። ናስ እሳት ሲበዛበት እንደሚበላሽ እሱ አያውቅም። ሆን ብዬ እያበላሸሁት ነው።

ትናንት ከሞጣ የመጣ ሹፌር አግኝቼ ስለ አብዱልዋሂድ ጠየቅሁት። ሱቁ ተዘግቷል አለኝ። መስጊድ ልሂድ ብሎ ወጥቶ ለማፍጠሪያ አልተመለሰም። ሚስቱ ራዲያ ከመናኸሪያው አትለይም፤ ከመኪና የወረደውን ሁሉ "ባሌን አይታችሁታል?" ትላለች። ኢድ ደግሞ ደርሷል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዱካው ላይ የተቀመጠውን ሰው በጎን እያየ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰውዬው ቆሎውን እየቆረጠመ "ባለቤትህ ለፋሲካ ትመጣለች አሉ" አለኝ። መዶሻዬን አላቆምኩም። "ትርሲትም አድጋለች መቼም" ብሎ ጨመረልኝ። ስሟን እኔ አልነገርኩትም።

"የምን ባለቤት?" አልኩት። "ከተፋታን ቆየን። ልጅቷን ይዛ ሄዳለች፤ የት እንደገባች አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።" ከዚያም ሰደብኩሽ፣ ሄለን። ጎረቤት እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰደብኩሽ። ልብስ ሰፊው ደምለው ስፌቱን አቁሞ "ኧረ ጾም ነው፣ ምን ነካህ?" አለኝ። ወሬው የጁቤ ድረስ ሄዶ እናትሽ ጆሮ መግባቱ አይቀርም። እሳቸው ይዘኑብኝ፤ አንቺ ግን እውነቱን እወቂው።

ስለዚህ አትምጪ። ለፋሲካም ከዚያ በኋላም፣ እኔው ራሴ መጥቼ በርሽን እስካላንኳኳ ድረስ አትምጪ። "ባልሽ ልኮኝ ነው፣ ሰላም ብሎሻል" የሚል ሰው ከመጣ በሩን አትክፈቺለት፤ ከመሪጌታ ሌላ ማንንም አልልክም። አንተስ ለምን አትመጣም ትዪኝ ይሆናል። ከጠፋሁ ይከተሉኛል፤ መንገዴ ደግሞ ወደ እናንተ እንጂ ወደ ሌላ ወዴት ነው?

የጠገንኳቸውን ጸናጽሎች ዛሬ ለየደብራቸው መልሻለሁ። ያልተጠገኑትንም እንዳሉ መልሻለሁ። ናሱ አንድ ሁለት እሳት ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ መቀሱ ሲነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፣ ያን ጊዜ ሰውዬውም ነገሩ ይገባዋል። ቢሆንም ከዚያች ናስ አንዲት ሰሌዳ አትወጣም።

እመ ብርሃን በጥላዋ ትጋርዳችሁ። እህትሽን ቤቷ ይሙላ፣ ስለ እኔ አመስግኚልኝ። ትርሲትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ወረቀቱን አንብበሽ ስታበቂ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ስሜን አልፈርምበትም፤ የእጄን ጽሕፈት ታውቂዋለሽ።

ሰው ሲጠይቅሽ ባል የለኝም በይ። እኔ ግን ሚስት አለኝ።