በእኔ እጅና በእናንተ ደረቅ ቧንቧ መካከል ስለሞተው ልጅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ዕድሜ ካመጣብኝ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ወይዘሮ የሺሃረግም ከእርስዎ ሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እየተሻላት ነው። እርስዎ በየቀኑ እዚያ ግቢ ውለው በደህና ወደ ቤትዎ እንደሚመለሱ ስሰማ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ የሚጠብቅዎት ነገር ምን እንደሆነ ባውቅ ደግሞ ለሌላውም ሰው እንዲደርሰው እለምን ነበር።

ስሜ ወንድይራድ ይፍሩ ነው፤ የካ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እኖራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የእንጦጦን ደን የጠበቅሁ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ የማርያምወርቅ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለነበረች አክብሮቱን ታውቅበታለች፤ ነገሩ ግን የእኔ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ «ይቅርብዎት ጋሼ፣ ያስከስስዎታል» ብላኝ ነበር፤ ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ደብዳቤውን ለሰው ሁሉ ግልጽ ያደረግሁት ለእርስዎ ብቻ ብልከው መዝገብ ቤት ገብቶ እንዳይተኛ ነው፤ እርስዎ ዘንድ የተኛ ሁሉ እንደማይነሣ አይቻለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ባለቤቴ አንጀቷ ታጥፎባት ሆዷን ቀደዳችኋት፤ ከዚያም የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስተኛችኋት። ከጥቂት ቀን በኋላ አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ፍሮምሳ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ መጣ። ከእንጦጦ ላይ ነው፤ በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚያድር፣ የፈረንሳይ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ደረቱን የተመታ። ይኸ ልጅ እየዳነ ነበር። ይህችን ቃል እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ እየዳነ ነበር። ሐሙስ ወደ ተራ ክፍል ይወርዳል ተብሎ ነበር። ረቡዕ ትኩሳት ያዘው፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሞተ። ለአባቱ ለአቶ ሚልኬሳ የሰጣችሁት ወረቀት «በትራፊክ አደጋ» ይላል። አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቧንቧው። የጽኑ ሕሙማኑ ክፍል መግቢያ ላይ የሚያምር መታጠቢያ አለ። ሦስት ሳምንት ስመላለስ ውኃ ሲወርድበት ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት ሊጎበኙ የመጡ ዕለት። ከሥሩ ያለው ጀሪካን ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የአልኮል ጠርሙስ ሲጫኑት እንደ ሽማግሌ ያስለዋል እንጂ ምንም አይተፋም። ከበላዩ ወረቀት ተለጥፏል። ኋላ የማርያምወርቅ ሄዳ እንዳነበበችልኝ «እጅዎን ሳይታጠቡ አይግቡ» ይላል። ለማያነበው ሰው ጽሑፍ፣ ለሚያነበው ደግሞ ውኃ የሌለው ቧንቧ ስላዘጋጁ፣ የተማረውን ካልተማረው ሳይለዩ ሁላችንንም እኩል ስላስተናገዱን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጋዋኑ። ለጠያቂ ሁሉ አንድ አረንጓዴ ጋዋን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የሚወጣው ሰው ያወልቅና የገላው ሙቀት ሳይለቀው ለሚገባው ያቀብላል። ጫማውም እንደዚያው። የማላውቀውን ሰው ላብ ከዚያ በፊት ለብሼ አላውቅም ነበር፤ ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ካልቸር ውጤት። ይህን ቃል የነገረኝ ወጣቱ ሐኪማችሁ ነው። «አባባ፣ ይኸ ተህዋስያን የምናውቀውን መድኃኒት ሁሉ ለምዶታል፤ የትኛው እንደሚገድለው የሚነግረን ከደም ላይ አሳድገን የምናየው የካልቸሩ ውጤት ነው» አለኝ። ተህዋስያን መድኃኒት ይለምዳል ሲለኝ መጀመሪያ ስቄበት ነበር። የባለቤቴም የልጁም ደም ተወሰደ። ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ቀን ነው የመጡት። የሚስቴ በነፍስ አገኛት፤ በወረቀቱ የተጻፈውን መድኃኒት ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረን አመጣንላት፤ ያዘላት። የፍሮምሳ የደረሰው ግን ለቅሶ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን ነው። ማኅተሙ ሳይቀር አምሮ ተመትቶበታል። ሥራው ጥንቃቄ የተመላበት መሆኑን ለመመስከር ያህል ነው ያነሣሁት። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ «የልጁም የባለቤትዎ ዓይነት ተህዋስያን ነው» አለና ከንፈሩን ነከሰ። የሚለውን ሳይጨርስ ገባኝ።

አራተኛ፤ ስለ ነርሷ ሐመልማል። «ጠያቂ አስገብተሽ ክፍሉን አጨናንቀሻል» ብላችሁ ማስጠንቀቂያ እንደጻፋችሁባት ሰማሁ። ጥፋተኛ ፈልጋችሁ በአንድ ሳምንት ማግኘታችሁ የሚደነቅ ነው፤ ውኃ ፈልጋችሁ ግን በሦስት ሳምንት አላገኛችሁም። ችግሩ ደግሞ ያገኛችሁት የተሳሳተ ሰው መሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ በሽተኛ ሊጠይቅ የገባ ሰው የራሱን ጠይቆ ብቻ አይወጣም፤ ክፍሉ ውስጥ የተኛውን ሁሉ «እግዜር ይማርህ፣ እግዜር ይማርሽ» ይላል። አንዱን ዘሎ ማለፍ ነውር ነው። እኔ ደግሞ በአፍ ብቻ አይሆንልኝም፤ ግንባር ካልዳበስኩ፣ ብርድ ልብስ ካላስተካከልኩ የጠየቅሁ አይመስለኝም። በየቀኑ ስድስቱንም አልጋ እዞር ነበር። ፍሮምሳ ሲያየኝ ይስቅ ነበር፤ «አባባ፣ ከዶክተሩ እርስዎ ይሻላሉ እኮ፣ አንድ ቀን ሳይቀሩ ይዞራሉ!» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኛል። ትኩሳቱ ሳይጀምረው በፊት በነበረው እሑድ የባለቤቴን አክታ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞርኩ። አንገቱ ላይ መርፌው የተሰካበት ፋሻ ላላ ብሎ አየሁት፤ በዚያው ነጠላ ላቡን ጠረግሁና ፋሻውን በመዳፌ ጫን ጫን አድርጌ አጣበቅሁለት።

ሐመልማል ሮጣ መጣች። «አባባ፣ በእግዜር! ሳይታጠቡ አይንኩት!» አለችኝ። እኔ ምን ብመልስላት ጥሩ ነው? «እኔን ነው? አንቺ ሳትወለጂ የታጠብኩ ሰው ነኝ፤ ይልቅ ሂጂና ፊትሽን ታጠቢ!» አልኳት። ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ደረቱን ይዞ ሳቀ። እሷ ዓይኗ እንባ ሞላና ዞር አለች። ይኸ እሑድ ነው። ትኩሳቱ የመጣው ረቡዕ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሥራዋን የሠራች አንዲት ሰው ብትኖር ያቺ ልጅ ናት፤ ማስጠንቀቂያው የሚገባው ለእኔ ነበር። ስሜን ከላይ ጽፌያለሁ፤ ቤቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አምስተኛውን ክስ በእርስዎ ላይ ላደርገው ብዙ አሰብኩ፤ የሚሆን አልሆነም። ባለቤቴን ያስገባን ዕለት ሐኪሙ «ቤት ውስጥ አንቲባዮቲክ ትወስድ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «በፍጹም» አልኩት። ውሸቴን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ሐኪም ወረቀት ስድስት ፍሬ፣ አራት ፍሬ እየገዛሁ አስቀምጥ ነበር። ማንበብ ስለማልችል በቀለሙ ነው የምለየው፤ ቀይና ጥቁሩ ለጉሮሮ፣ ቢጫው ለሆድ። የሺሃረግ ሲያተኩሳት ሁለት ቀን ትውጣለች፤ ሲተዋት «በይ ተይው፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን» እላታለሁ። ለጎረቤት እሰጣለሁ፤ ቁስል ላይ ፈትቼ እነሰንሳለሁ፤ ዶሮዎቼ ሲያንቀላፉም ውኃቸው ውስጥ እበትንላቸው ነበር። ሰፈሩ «ዶክተር ወንድይራድ» ይለኝ ነበር፤ ስሙ ጣፈጠኝ። ሐኪሙ ፊት ይኸ ስም እንዳይወድቅብኝ ነው የዋሸሁት። ኋላ እውነቱን ስነግረው ራሱን ይዞ «መድኃኒቱን የሚለምደው እንዲህ ሲጀመርና ሲቋረጥ ነው፤ ቀድመን ብናውቅ ለብቻዋ እናስተኛት ነበር» አለኝ። ከዚያም ለማጽናናት ያህል «የእርስዎ ብቻ አይደለም አባባ፤ እዚህም ብዙ አለ» አለኝ። እዚህ ያለውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። የእኔን ግን አውቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ አቶ ሚልኬሳ። ለቅሶ ስደርስ እሱ ለገባው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እኔ ነኝ የገደልኩት። በሬዬን ሸጬ ሞተር የገዛሁለት እኔ ነኝ» ይላል። ሰዉ «ተው እንዲህ አትበል፣ አደጋ ነው» ይለዋል። እውነቱን ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ግን ወንበር ይዤ፣ ንፍሮውን እየዘገንኩ ዝም አልኩ። ሞተሩን በመጥረቢያ ከታትፎ ደጁ ላይ እንደበተነው አየሁ፤ ስብርባሪውን ተሻግሬ ወደ ቤቴ ወረድኩ። አርባው እስኪወጣ ሦስት ጊዜ ልነግረው አቀበቱን ወጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ገብስና ስለ ውርጭ አውርቼ ተመለስኩ። ደን ስጠብቅ ጅብ አልፈራሁም፤ ሽፍታ አልፈራሁም። ይኸን ሰው ፈራሁት። ልጁን አደጋው እንዳልገደለው እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። የማያውቀው አባቱ ብቻ ነው፤ የሚቀጣውም እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎት ይህን ነው። ያንን «በትራፊክ አደጋ» የሚለውን ወረቀት ያስለውጡልኝ። ልጁ ከአደጋው ተርፎ እንደነበረ፣ የሞተውም እናንተ ክፍል ውስጥ በያዘው መድኃኒት የለመደ ተህዋስያን እንደሆነ ይጻፍ። ያደረሰበት የወንድይራድ እጅ ነው ተብሎ ቢጻፍም አልቃወምም፤ ቦታ ከተረፈ ደረቁ ቧንቧም ይጨመርበት። የሐመልማልም ማስጠንቀቂያ ይነሣላት፤ እኔ ራሴ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እርስዎም ጊዜ ካገኙ ከቢሮዎ ሩቅ አይደለችም።

በእጅ ጨብጬ ልሰናበትዎት ክብርዎ ያስገድደኝ ነበር፤ ነገር ግን ከልብ ለጤናዎ ስለማስብ ከሩቅ ሆኜ ዝቅ እላለሁ። ሥራዎ እንዲቃና፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ በእርስዎ ሆስፒታል የመታከም ዕድል እንዳያጋጥምዎ ከልብ የሚመኝልዎ፣

ወንድይራድ ይፍሩ
(አሻራ)

ሚልኬሳ
(አሻራ)

ማስታወሻ፤ ከእኔ በታች ያለው አሻራ እንዴት እንደመጣ ግራ እንዳይገባዎ ላስረዳ። ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላኩ በፊት ትናንት እንጦጦ ወጥተን የማርያምወርቅ ለአቶ ሚልኬሳ አንብባለታለች። አላቋረጣትም። ስትጨርስ ሐሙስ ወደ ተራ ክፍል ይወርዳል ተብሎ ነበር የሚለውን ደግማ እንድታነብለት ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «ይድን ነበር ማለት ነው?» አለ። «ይድን ነበር» አልኩት። ይቅር አላለኝም፤ እኔም ይቅር በለኝ አላልኩትም። ስንነሣ ግን የአሻራውን ቀለም አምጡልኝ አለ። እንግዲህ ሁለታችንም ማንበብ ስለማንችል ጸሐፊዎችዎን መልስ በማሳመር አያድክሙ። ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ቢሮዎ በር ላይ እንገኛለን። ለእኔ ያሻዎትን ይበሉኝ፤ ለእሱ ግን ልጁ በምን እንደሞተ ዓይኑን እያዩ በቃልዎ ይንገሩት።