ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፦ ተከታይ ማብዛት ለሚሹት ሥራ አስኪያጅ የተሰጠ ምክር

ለተከበሩ የሕክምና ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተከታይ ስለማፍራትና ስለማቆየት የተጠየቅሁትን ምክር ስለመስጠት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ወገብዎ እንዳይከዳዎ፣ ኩላሊቶችዎም ሥራቸውን ሳያጓድሉ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉዎ ምኞቴ ነው። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ የማዕከልዎ የኩላሊት እጥበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስለማውቅ፣ እዚያ መውጣትን ለጠላቴ እንኳ አልመኝም።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ የላከልኝ የግብዣ ደብዳቤ በክብር ደርሶኛል። ደብዳቤው እንደሚያትተው፣ የማዕከሉ የኢንተርኔት ገጽ አንባቢ አጥቶ ሲቸገር የእኔ የአንዲት ልብስ ሰፊ ጦማር ግን «ከፍተኛ ተደራሽነት» ያለው ሆኖ በመገኘቱ፣ ነገ ጠዋት ከማዕከሉ ማዶ ባለው ዋናው መሥሪያ ቤትዎ ተገኝቼ «ጀማሪ ጦማሪ ተከታይ እንዴት ያፈራል፣ እንዴትስ ያቆያል» በሚል ርእስ ሠራተኞችዎን እንዳሠለጥን ተጠይቄአለሁ። ሳነበው የምዘመዝመው ቀሚስ ከእጄ ወደቀ። የጋበዘኝ ሰው ጦማሬን አንብቦት ከሆነ ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ሳያነብ የተከታዩን ብዛት ብቻ አይቶ ከሆነ ደግሞ አለቃውን በሚገባ ተምሯል ማለት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ምክሩ እስከ ነገ ሆዴ ውስጥ ስላላደረልኝ እነሆ በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የማያልቅ ርእስ ይምረጡ። እኔ ጦማሬን የከፈትሁት ስለ ስፌት ልጽፍበት ነበር። ያረጀ የሸሚዝ ኮሌታ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ የጠበበ የሱሪ ወገብ ሳያስታውቅ እንዴት እንደሚለቀቅ፣ የማውቀውን ሁሉ በፎቶ እያስደገፍሁ አሰፈርሁ። አንባቢዎቼ አክስቴና የወንድሜ ሚስት ነበሩ፤ የወንድሜ ሚስትም ብትሆን የምታነበው ስገናኛት ስለምጠይቃት ነው። እንዲህ ሆኜ ተስፋ ልቆርጥ ስል እርስዎ ደረሱልኝ። አባቴን ለእጥበት ይዤ የመጣሁ አንድ ቀን የሊፍቱ በር ላይ «ለጊዜው ከአገልግሎት ውጪ ነው፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁና፣ ኮሌታውን ትቼ ስለሱ ጻፍሁ። ያ ወረቀት ክረምቱን ተሻግሮ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ሲላጥ በላዩ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ተለጥፎበት ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ስለ ኮሌታ ቢለፉ ሁለት ጽሑፍ ቢወጣ ነው፤ የእርስዎ «ለጊዜው» ግን ተጽፎ አያልቅም። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ቀን ሳያዛንፉ ይጻፉ። ሱቄ ከማዕከሉ በር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት መዝጊያዬን ከመክፈቴ በፊት ተሻግሬ ገብቼ የሊፍቱን ቁልፍ እጫናለሁ፤ መብራቱ እንደማይበራ አይቼ «ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም» ብዬ እጽፋለሁ። ጽሑፉ ይኸው ነው። ሌሎች ጦማሪዎች ነገ ምን ልጻፍ እያሉ ራሳቸውን ሲይዙ እኔ በእርስዎ ጽናት ምክንያት አንድም ቀን ተጨንቄ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ለአንባቢ የሚጠቅም ነገር ይጻፉ። ያቺን አንዲት መስመር ሰው ለምን እንደሚያነባት አስበው ያውቃሉ? ለእጥበት የሚመጡ ሕሙማን ቤተሰቦች ናቸው የሚያነቧት፤ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት የሚሸከም ሰው መለመን እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው ለማወቅ። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ሌላዋ የጎረቤቷን ጋራዥ ሠራተኛ ሥራ ሳይገባ መያዝ አለባት። ከጽሑፌ ሥር ያለው የአስተያየት ቦታም ቀስ በቀስ የተሸካሚ መፈላለጊያ ሆነ። «ነገ ጠዋት ነፃ ነኝ፣ ትከሻዬም ደህና ነው» የሚል ቀለም ቀቢ አለ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። «እናቴ ክብደት የላትም፣ ሁለት ሰው ከተገኘልኝ ይበቃናል» የምትል መምህርት ነበረች። እርስዎ «ከፍተኛ ተደራሽነት» ያሉት ይህንን ነው፤ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ እርስ በርስ የሚለማመጥ ሕዝብ።

አራተኛ፦ አንባቢ ሲጠይቅ መልስ ይስጡ። በዚህ በኩል ማዕከልዎ ቀድሞኝ ሄዷል። ጥገና ክፍል ስደውል መለዋወጫውን ግዢ ክፍል አላመጣም ይሉኛል፤ ግዢ ክፍል ስደውል ዕቃው ከገባ ቆይቷል፣ የማይገጥሙት እነሱ ናቸው ይሉኛል፤ ሁለቱም ክፍሎች አንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር ናቸው። በገጽዎ ላይ «ሊፍቱ መቼ ይሠራል?» ብዬ ብጠይቅ «አስተያየትዎን እናከብራለን» የሚል ጽሑፍ ከጽጌረዳ አበባ ጋር ተላከልኝ። አበባው በጣም ያምራል።

አምስተኛ፦ ፎቶ ይጠቀሙ፤ ሰው ከጽሑፍ ይልቅ ፎቶ ይወዳል። እዚህ ላይ ግን መምህሩ እርስዎ ነዎት፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ የተማርሁትን ልንገርዎ።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አሮጊት ሳትቀመጥ መኪና ያላንቀሳቀሰ፣ ነፍሰ ጡር ስትሳፈር ዞር ብሎ «ተነሱላት እንጂ!» ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ወንድሜ ከኋላ፣ የማዕከሉ ዘበኛ ከፊት ሆነው በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወጡታል። «ሰው ጭኜ ኖርኩ እንጂ ሰው ጭኖኝ አያውቅም» ይልና ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ዘበኛው የሥራ ድርሻው ይህ አይደለም፤ ወገቡን እየያዘ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የአባቴ አንድ ጫማ ወደቀ። እግሩ ስለሚያብጥ ማሰሪያውን አናጠብቀውም። እኔ ከኋላ ቦርሳውን ይዤ ነበርና ጫማውን ላነሣ ጎንበስ ባልሁበት፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ፎቶ አንሺ ከላይ ሲወርድ አገኘንና «አንዴ ቆም በሉልኝ» አለ። ሰው ተሸክመው ደረጃ የሚወጡትን ሁለት ሰዎች «ቆም በሉልኝ» አለ! በማግስቱ ፎቶው በገጽዎ ላይ ወጣ፤ ቀለሙ ደምቆ፣ የማዕከሉ ዓርማ አባቴ ጉልበት ላይ አርፎ፣ ከሥሩም «መረዳዳት የማዕከላችን ባህል ሆኗል» የሚል ተጽፎበት።

እንኳን ደስ አለዎት፣ ክቡር ሆይ። ገጽዎ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ፎቶ የታየ የለም። ሰው በሙሉ የልብ ምልክት አደረገበት። የአባቴ የጥንት ባልደረቦች፣ ጡረታ የወጡት ሹፌሮች ሁሉ አዩት፤ እየተቀባበሉ ስልክ ደውለው «አይዞህ» አሉት። ለአባቴ ከዚያ «አይዞህ» የበለጠ ስድብ የለም። ስልኩን ተቀብሎኝ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና፣ «ካልሲዬ ቀዳዳ ነበር እንዴ?» አለኝ። ነበር። አውራ ጣቱ ላይ። የሰው ልብስ ስጠግን የምውለው ልጁ አላየሁትም፤ ማዕከልዎ ግን አጥርቶ አይቶ ለሕዝብ አሳየልኝ። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ፣ በንዴት።

አባቴም «ከእንግዲህ በወንበር ያን ደረጃ አልወጣም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ለመንሁት፣ ወንድሜ ለመነው፣ አክስቴ መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። እንቢ አለ። አንድ እጥበት አለፈው። እግሩ አብጧል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ተኝቶ ስለማይሆንለት ትራስ ተደግፎ ነው የሚያሸልበው። የእጥበት ክፍሏ ሲስተር ራሷ ደውላ «አንዱን እናካክሰዋለን፤ ሁለት ከዘለለ ግን...» ብላ ሳትጨርሰው ስልኩን ዘጋች። ሁለተኛው ነገ ነው፤ እርስዎ ስልጠና የጠሩኝ ቀን።

ቁጥሩ ስንተኛ ላይ እንደደረሰ ጠፍቶብኛል፤ ይቅርታዎን። ስለ ማቆየት ነበር የቀረኝ።

ተከታይ ማቆየት የሚሹ ሁሉ እንዳያጡት መሥጋታቸው ያለ ነው። የእኔ ተከታይ ግን አንድ ጠዋት ድንገት የሚጠፋው ሰልችቶት አይደለም። ያቺ «እናቴ ክብደት የላትም» የምትለው መምህርት ለጥቂት ቀናት የውሃ ሽታ ሆነች፤ ከዚያ «እህቴ፣ ከእንግዲህ ስለ ሊፍቱ ማወቅ አያስፈልገኝም፤ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈችልኝና ወጣች። ያን ቀን ሱቄን ሳልከፍት ዋልሁ። ሠራተኞችዎ ተከታይ ለምን እንደሚቀንስ ከጠየቁኝ የምነግራቸው ይህን ነው።

እኔ ግን አንድ ምኞት አለኝ፤ ተከታዮቼን በሙሉ በአንድ ጠዋት ማጣት። ቁልፉን ልጫን፣ መብራቱ ይብራ፣ «ሊፍቱ ዛሬ ይሠራል» ብዬ ልጻፍና ዳግመኛ ወደ ጦማሬ ዝር የሚል ሰው አይኑር። ከአክስቴ ጋር ወደ ኮሌታዬ እመለሳለሁ። ይህንን ሊያደርጉልኝ የሚችሉ ብቸኛ ሰው እርስዎ ነዎት፤ በር ለበር ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከወንበራቸው አስነሥተው ኮሪደሩን ያሻግሯቸው። የአባቴንም ፎቶ ዛሬውኑ ያውርዱ። መረዳዳታችን እውነት ነው፣ ግን የእኛ ነው። የማዕከልዎ የሆነው ሊፍቱ ብቻ ነው።

የንግግሬ ሻካራነት ቢያስከፋዎ፣ ለተፈጠረው መጉላላት ለጊዜው ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በማያልቀው ተስፋ ሰጪነትዎ፣ በማይሰለቸው ዝምታዎና አንባቢ በማፍራት ችሎታዎ እየተደነቅሁ፣

ከልብ ከሆነ የአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በርዎ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለጥገና ክፍል (ግዢ ክፍልን ለሚጠባበቀው)
ለግዢ ክፍል (ጥገና ክፍልን ለሚጠባበቀው)

ከፊርማዬ በኋላ የሚነበብ፦ የግብዣ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ስልጠናው የሚሰጠው የዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ባለበት ስድስተኛ ፎቅ ቢሆንም የዋናው መሥሪያ ቤት ሕንፃ አስተማማኝ ሊፍት ስላለው ለመምጣት አይቸገሩም» ይላል። ይህን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ከሰነበተበት ትራስ ቀና ብሎ «ጫማዬን አምጪልኝ» አለኝ። ስለዚህ ግብዣዎን በደስታ ተቀብለናል፤ ነገ ጠዋት አባቴ ማንም ሳይሸከመው በእርስዎ ሊፍት ስድስተኛ ፎቅ ይወጣና፣ የማዕከሉ ሊፍት እስኪሠራ ድረስ እርስዎ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስንት ሰዓት ሊጠብቅ እንደሚችል ሐኪሞችዎን ይጠይቁ። ፎቶ አንሺውም እንዳይቀር፤ ካልሲውን ሰፍቼለታለሁ፣ በሁለቱም እግሩ ጫማ አድርጎ ነው የሚመጣው።