ቴምብር የምታህል ፊት

ሞንትሪያል፣ ሰኞ ከሰዓት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ይህ ቅዝቃዜ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? ኦዲል ያመጣችልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ከተትሽው? እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ እተኛለሁ ለማለት ግን አልደፍርም። በስልክ ባወራሽ ይሻል ነበር፤ አንቺ ግን «ደህና ነኝ፣ በይ ይቆጥርብሻል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ሳትቸኩዪ አንብቢው።

እህቴ ኦዲል ወሬውን አድርሳልሻለች። ፊትሽ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ሰው እንደፈራው ሰምተሽ «ማንን አስፈቅዳ ነው?» ብለሻል አሉ። መቆጣትሽ አይፈረድብሽም። ግን አልወጣም እማዬ። ያየሽ አንድ ቢራ ቤት የሞላ ሰው ብቻ ነው። እሷ እንደሆነች ወሬ ካላሰፋች እንቅልፍ አይወስዳትም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

እኔና ባስቲየን የምንሠራው የኮምፒውተር ጌም ስለ ኪዮስካችን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ተጫዋቹ የኪዮስኩ ባለቤት ሴት ልጅ ሆኖ መንገድ ዳር ድንች ይጠብሳል፣ ዳቦ ውስጥ የሎብስተር ሥጋ ይሞላል፣ ከባሕር የሚመለሱትን ዓሣ አጥማጆች ያበላል። ማንም አይሞትበትም። ባስቲየን ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ እሥላለሁ። ስንጀምረው ባስቲየን ፀጉር ነበረው። አሁን አልቋል፤ ጌሙን ማለቴ ነው፣ ፀጉሩም ያው ነው። የቀረን ሽፋኑ ብቻ ነው።

«ብቻ» ስል ራሴን ያስቀኛል። ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ ውስጥ ትናንሽ ሥዕሎች ናቸው የሚደረደሩት፤ እያንዳንዱ ቴምብር ቢያህል ነው። ሰው በጣቱ እያንሸራተተ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ሥዕሉ ምን ዓይነት ጌም እንደሆነ ካልነገረው፣ ስንት ዓመት የለፋሽበት ነገር ማንም ሳይከፍተው ይቀራል። ባሕሩን ሣልኩ፤ ሲያንስ ሰማያዊ ጭረት ሆነ። ጣሪያውን፣ ወፎቹን፣ የኬቻፕ ጠርሙሶቹን ጨመርኩ፤ ሲያንሱ ተደባልቀው የፈሰሰ ሾርባ መሰሉ። አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የጌሙን ስም ፊደላት አወፈርኳቸው። በመጨረሻ አንቺ ብቻ ቀረሽ፣ መስኮቱ ውስጥ፣ ክንድሽን ባንኮኒው ላይ አድርገሽ። ለእኔ ቆንጆ ነበርሽ።

እዚህ ጌም ሠሪዎች አንድ ልማድ አለን። ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ቢራ ቤት እንሰበሰባለን። ባለተራው ሽፋኑን ከሌሎች ሽፋኖች መሃል ሰክቶ በዚያው በትንሽ መጠኑ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያበራዋል። የተሰበሰበው ሰው ጌሙ ስለምን እንደሆነ እየገመተ ይጮኻል። ሠሪው ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም፤ ከተናገረ ለሁሉም ቢራ ይገዛል።

ባለፈው ወር ተራው የእኔ ነበር። ገና ሲበራ አንዱ ከኋላ «ኧረ ሴትዮዋ ልትበላን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ምድር ቤቷ ሬሳ አለ፣ እናቴን!» አለች ሌላዋ። «ድንቹን እንዳትቀምሰው ወንድሜ!» ሲል ሦስተኛው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ባለጢም ሰውዬ ደግሞ ጠርሙሱን አንስቶ «እኔ ግን ዛሬውኑ እገዛዋለሁ። እንዲህ የምታስፈራ አሮጊት ዓይቼ አላውቅም» አለ። ባስቲየን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ። ቢራ መግዛቱን ፈርቼ አልነበረም።

በማግስቱ ባስቲየን «ለምን አንተወውም? አስፈሪ ጌም የሚወድ ሰው መዓት ነው። ይግቡ፤ ከገቡ በኋላ ድንቻቸውን ይጥበሱ» አለኝ። «ይግቡና ተታለልን ብለው ይስደቡን?» አልኩት። ተኳረፍን። ከዚያ ፈገግ አድርጌ ሣልኩሽ። ዓይቶት «ይቺማ የጥርስ ሳሙና ልትሸጥልን ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አንቺ አልነበርሽም።

ሬዢን የምትባል፣ ለሌላው ሰው ሽፋን ስትሠራ የኖረች ሴት አለች። ሥዕሉን ይዤላት ሄድኩ። አንዴ ዓይታ «የት ቆመሽ ነው የሣልሻት?» አለችኝ። «ከሥር ወደ ላይ ነው የምታዪያት። መብራቱ ከአናቷ በላይ ስለሆነ ዓይኖቿ ጥላ ውስጥ ገብተዋል። የሚያስፈራው እሱ ነው። ደንበኛው በሚቆምበት ቆመሽ ሣያት እንጂ!»

ቤቴ ገብቼ ወረቀት ዘረጋሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እማዬ፣ እኔ ደንበኛው በሚቆምበት ቆሜ አላውቅም። ሁልጊዜ ውስጥ ነበርኩ፣ ክንድሽ ሥር፣ ድንች እየላጥኩ። ሰዎቹ «እናትሽ እኮ ስትስቅ መንገድ ማዶ ይሰማል» ይሉኝ ነበር። ሳቁን እኔም እሰማው ነበር፤ የማየው ግን ጀርባሽን ነው። ወደ እኔ ዞር ስትዪ ሳቁ የለም። ለእኔ የሚደርሰኝ ሽፋኑ ላይ ያለው ፊት ነበር።

አልደብቅሽም፣ ቅር ይለኝ ነበር። ላንቺ ምንሽም ላልሆኑ ሰዎች እንደዚያ እየሳቅሽ፣ እኔን ምን አጥፍቼ ነው የምትቆጣኝ እያልኩ አድጌያለሁ። ወደዚህ ስመጣም ያንን ፊት ይዤ መጣሁ። ወደ ቤት ለምን እንደማልመላለስ ኦዲልን ጠይቀሻት ነበር አሉ። ሥራ በዛብኝ ያልኩሽ ግማሹ እውነት ነው።

በዚያው ሰሞን ለሱቁ ገጽ የእኛም ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ። ባስቲየን ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ስሠራ ሳላውቅ አነሳኝ። ሲያሳየኝ ደነገጥኩ። ግንባሩ፣ የአፉ አያያዝ፣ ዓይኖቼ ሥር ያለው ጥላ፣ አንቺ ራስሽ ነሽ። «ማን ላይ ነው እንዲህ ጥርስሽን የነከስሽው?» አለኝ። ማንም ላይ አይደለም እማዬ። ማንም ላይ አልተቆጣሁም ነበር። ደክሞኝ ነው። ቀን ቀን ለቤት ኪራይ ስል በስልክ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፤ ሙሉ ቀን ለማላውቀው ሰው ስስቅ እውልና ወደ ሥዕሌ የምመጣው ሳቄን ጨርሼ ነው።

ፎቶውን ደጋግሜ ዓየሁት። ከዚያ አንቺን እንደ አዲስ ሣልኩሽ።

አሁን ከኪዮስኩ ጀርባ ነሽ፣ የተገለበጠ የሎብስተር ማጥመጃ ሳጥን ላይ ተቀምጠሽ። ጫማሽን አውልቀሻል። ከኋላሽ ያለው መስኮት ቢጫ መብራት አለው፤ ሌላው ሁሉ የምሽት ሰማያዊ ነው። ከጎንሽ ሆኜ ነው የማይሽ፣ በቁመትሽ ልክ። አልሳቅሽም፤ እኔም ሳቂ አላልኩሽም።

ባለፈው ረቡዕ ይዤሽ ሄድኩ። መጀመሪያ ማንም አልጮኸም። በቃ ሞተ፣ አልኩ በልቤ። ከዚያ ያ ባለጢሙ ሰውዬ ቀስ ብሎ «እኔን» አለ። «ስለምንድነው ጌሙ? ተናገራ!» ሲሉት «እንጃ። ብቻ ‹አንቺ አረፍ በዪ፣ ዛሬ እኔ እጠብሳለሁ› በላት በላት አለኝ» አለ። ጌሙ እኮ ይኸው ነው እማዬ። ልጅቷ እናቷን አስቀምጣ መጥበሻውን ትረከባታለች፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ስንት ዓመት ስሠራው እኔም በቅጡ አልገባኝም ነበር። መናገር ስላልተፈቀደልኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሥዕሉን በትልቁም በትንሹም አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ትንሹን ዕዪው፤ ሰው የሚያይሽ እንደዚያ ነው። ሽፋኑን የምናስገባው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው፤ አንቺ ሳትፈቅጂ ግን አላስገባውም። ፊቴን አላስነካም ካልሽ አንቺን አውጥቼ መስኮቱን ብቻ አስቀራለሁ። ባስቲየን ያብዳል፤ እኔ ግን አልከራከርሽም። አዎም ይሁን አይሆንም ለኦዲል ንገሪያት፤ እሷ መቼም አትዘገይም።

በግንቦት፣ ብርዱ አልፎ ኪዮስኩን ስትከፍቺ እመጣለሁ። ለጉብኝት አይደለም፤ ሽርጤን ይዤ ነው የምመጣው። መስኮቱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ አንቺ ከጀርባ ትቀመጫለሽ። ለደንበኞቹ እኔ እስቅላቸዋለሁ። አንቺ ለእኔ ብለሽ እንዳትስቂ እማዬ፤ እንደደከመሽ ሁኚልኝ።

ቅድስት ሐና ትጠብቅሽ። እግዜር ለጉልበትሽ ብርታት፣ ለቤትሽ ሙቀት ይስጥልኝ። ኦዲልንና ልጆቿን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ
ትንሿ ልጅሽ