ከማቅለጫው የተረፈ ፊት

ኅዳር 3

ብርድ ነው። አውቶቡሱ ዘገየ። ዛሬም የበር ማጠፊያ፣ የተሰበረ ደወል፣ የድስት ክዳን ስገለባብጥ ዋልኩ። ሙዚየሙ እዚህ የውዳቂ ብረት ግቢ ከመደበኝ ሰባት ወር ሞላኝ። ለመቅለጥ ከሚመጣው መዳብና ነሐስ ውስጥ ጥንታዊ የሆነውን ለይቼ ማስቀረት ነው ሥራዬ። እስካሁን ያስቀረሁት ሁሉ አንድ ጆንያ አይሞላም።

የማቅለጫው አለቃ ሃው ዛሬም ሰላም አላለኝም። እሱ የሚያየኝ ማቅለጥ ካለበት የብረት ኮታ ላይ እንደምትሰርቅ ሴት ነው።

ኅዳር 5

እጅ አገኘሁ።

የነሐስ እጅ። መጀመሪያ ከክምሩ ሥር ወጥቶ ሳየው ግን የሰው መስሎኝ ክው አልኩ። ከክንዴ ይረዝማል። አውራ ጣትና መሃል ጣት ሊነካኩ ትንሽ ሲቀራቸው የቆሙ ናቸው። ጥፍሩ ሥር ያለችው ሥጋ እንኳ አልተረሳችም... ያን ያህል ከፍታ ላይ ማን ያያታል ብሎ ሠራት? አቧራውን ስጠርገው የወርቅ ቅቡ ብልጭ አለ። የሚንግ ነገሥታት ዘመን ይመስለኛል። አምስት መቶ ዓመት።

እጁ ይህን ያህል ከሆነ ሙሉው ሐውልት ከአራት ሜትር አያንስም። ሌላው የት አለ?

ኅዳር 6

የጭነት መኪናውን ሹፌር ጠየቅሁት። ከተራራው መንደር፣ ከሺታን ነው የመጣው። መቅደሱ ለእህል መጋዘን ስለተፈለገ ሐውልቱን በጋዝ እሳት ቆራርጠው አወረዱት። የቀረው በዚህ ሳምንት ይመጣል አለኝ።

ምድጃው የሚሞላው ኅዳር 12 ነው። ስድስት ቀን።

ምሳ አልበላ አለኝ። የማሽላ ገንፎዬ ሳህኑ ላይ ደረቀ።

ኅዳር 8

ጭንቅላቱ መጣ። በፊቱ ተደፍቶ፣ የመዳብ ሽቦ ተጭኖበት። ብቻዬን ላቃናው አልቻልኩም፣ ሠራተኞች ለምኜ ነው የተገለበጠው።

ጓንዪን ናት። የምሕረት እመቤት። ዓይኖቿ ወደ ታች ያያሉ፤ የተከደኑ መስለው አልተከደኑም። አንዱ ጉንጯ ላይ ጋዙ ያጠቆረው አለ። ከንፈሯ... ፈገግታ ነው ልበል? ከግራ ሳያት ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ ከቀኝ ሳያት ደግሞ ያዘነች። እንዴት ነው ሰው ይህን በቀለጠ ነሐስ የሚያደርገው?

አለቃ ሃው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን እጁን በተቆረጠው አንገት አስገብቶ ውስጡን ዳበሰ። የአባቱ ሙያ ነሐስ አቅልጦ ደወል መሥራት እንደነበረ ያኔ ነገረኝ። ውፍረቱ የትም ቦታ አንድ ጣት ነው አለኝ፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ። ነሐሱ የፈሰሰበት የውስጡ የጭቃ ቅርጽ ሲሠራ የሠሪው ጣቶች የሰመጡበት ቦታ ነሐሱ ላይ እብጥ እብጥ ብሎ ቀርቷል። እጄን ይዞ አስነካኝ። እብጠቶቹ ልክ የጣቶቼን ያህል ናቸው።

«አባቴ አንዴ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ሞክሮ ተሰነጠቀበት» አለኝ። «ሁለተኛ አልሞከረም።»

ኅዳር 9

ሙዚየም ሄድኩ። ኃላፊያችን ፋን በሩን ዘግቶ ነው የሰማኝ። የሱ ፊርማ ከሌለ አንድም ቁራጭ ከግቢው አይወጣም። ትንንሹን አምጪ እፈርማለሁ አለ፣ ይሄን ግን የት ልደብቀው? ሃይማኖት በተወገዘበት በዚህ ጊዜ ቡድሃ ሰብሳቢ ብባልስ?

አስረዳሁት። ትንሹ የሚተርፈው ሰው ሣጥን ውስጥ ስለሚሸጉጠው ነው። ትልቁን ግን ማንም አይሸጉጠውም። ጦርነት ሲመጣ፣ መዳብ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። በክፍለ ሀገራችን ይህን የሚያክል ስንት ቀረ? እኔ የማውቀው ሦስት ነው።

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ» አለ ፋን። «ሦስት ከሆነ ሁሉም ሰው ያየዋል።»

አልፈረመም። እንቢም አላለም። ላስብበት አለኝ።

ኅዳር 10

ገላዋ መጣ፣ በአራት ተቆርጦ። የልብሷ እጥፋት ውኃ ከላይ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ጫፉ ላይ የተጠለፉ አበቦች እያንዳንዳቸው እንደ መርፌ በቀጠነ መስመር ተቀርጸዋል። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ለካሁ። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ፋን ጋ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ።

ባለቤቴ ምን ሆነሻል አለኝ። ምንም አልኩት። በዚህ ጊዜ ስለ ቡድሃ ተጨነቅሁ ይባላል?

ኅዳር 11

አሁንም ፊርማ የለም።

ከምሳ በኋላ አለቃ ሃው ከድንጋይ ከሰሉ ክምር ጀርባ ጠራኝ። ወዲያ ወዲህ አየና ቀስ ብሎ ነገረኝ።

«ጭንቅላቷንና እጇን ማስቀረት እችላለሁ። ሚዛኑ ቢጎድል ቆሻሻ ነበረበት እላለሁ። ገላውን ግን አልችልም። እሱን ካስቀረሁ ነገ ምድጃው ባዶ ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እኔ እዚህ የለሁም።»

ሁለት ቀን ብቻ ታገሠኝ አልኩት።

«ጓድ ሚያው፣ ሁለት ቀን ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር። ገላው ይግባ፣ እሺ ወይስ እንቢ? ያለ አንቺ ቃል አልነካውም።»

እሺ አልኩ።

እንዲህ በቶሎ ከአፌ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ጭንቅላቷንና እጇን ሁለታችን በጋሪ ገፍተን ከሰሉ ሥር ቀበርን። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለን አልተያየንም።

ኅዳር 12

ገባች። ሃው ሌላ ሰው አላስነካም፣ ራሱ ነው ያስገባት። እኔ ቆሜ አየሁ። ለምን ቆምኩ? የልብሷ እጥፋት ቶሎ አልቀለጠም።

ኅዳር 13

ፋን ፈረመ።

ወረቀቱን መልእክተኛ ጠዋት አመጣልኝ። «ሐውልቱ ከነሙሉ አካሉ ወደ ሙዚየሙ ይዛወር።» የተጻፈው ትናንት ነው... እኔ ምድጃው ፊት ቆሜ ሳለሁ።

ለሃው አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝና ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። እንቢ ብዬው ቢሆን ኖሮስ? ይታገሠኝ ነበር? አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈራሁ።

ቅጹ ላይ «ገላው አልተገኘም» ብዬ ሞላሁ። ሃውን አስጠይቄ የት አባቴ እገባለሁ?

ታኅሣሥ 2

ጭንቅላቷና እጇ የሙዚየሙ ዕቃ ክፍል ገቡ፣ ጭንቅላቷ በእንጨት መቆሚያ ላይ። እኔ ወደዚያ አልሄድም። ሥራ ይበዛብኛል እላለሁ።

ጥር 17

ፋን ሰው ፊት አመሰገነኝ። «ገላውም ቢገኝ ኖሮ» አለ። ሽንት ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

የካቲት 24

ጥበቃው ጠራኝ፤ ከሺታን የመጡ ሴትዮ በር ላይ አሉ። እማማ ሺንግ ይባላሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ። ያ የጭነት መኪና ሹፌር ነው ጭንቅላቷ እዚህ እንዳለች ለመንደሩ ያወራው።

ማስገባት አይፈቀድም። አስገባኋቸው።

ፊት ለፊቷ ቆሙ። ቁመታቸው እኩል ሆነ። 

«መልኳ እንዲህ ነው?» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እግሯንና የልብሷን ጫፍ ነው። ላዩ ጨለማ ነበር፣ ልጄ። አንገቴን ባቀና ባቀና አይታየኝም።»

የጠቆረውን ጉንጯን በእጅጌያቸው ጠረጉት። አይለቅም። ደግመው ጠረጉት።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ሌላውስ የት ነው አሉኝ። አልተገኘም የሚለው አፌ ላይ ነበር፣ ስንት ቀን የለመድኩት። አልወጣ አለኝ።

«ቀልጧል፣ እማማ። ይግባ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

 የሚቀመጡበት ስለሌለ ሣጥን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሲያወርዷት ገመዱን የያዘው የኔ ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሱም እሺ ብሎ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ መጥቶ ዓይኔን አያይም። አብረን እንሂድ ስለው እንቢ አለኝ።»

እጄን ያዙኝ። እጃቸው እንደ በረዶ ነው።

«አንቺ ያልሽኝን እነግረዋለሁ። ሳምንት ይዤው እመጣለሁ፣ ትከፍቺልናለሽ?»

እከፍታለሁ አልኩ።

ከሸኘኋቸው በኋላ ቅጹን አውጥቼ «አልተገኘም» የሚለውን ሰረዝኩ። «ገላው ኅዳር 12 ቀለጠ። ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ፣ ሚያው ሱዩን።» የሃውን ስም አልጻፍኩም። ለፋን ሰጠሁት። አነበበ፣ እኔን አየ፣ እንደገና አነበበ። ይህ ምን እንደሚያመጣብሽ ታውቂያለሽ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ፍርሃቱ አሁንም አለ። ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ስወጣ ለሳምንት ዕቃ ክፍል ሁለት ወንበር እንዲያስገቡልኝ ለጥበቃው ነገርኩት። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩና ሦስት ይሁን፣ አንዱ ለእኔ አልኩት።