ከ«ሽ» ራስ ላይ ስለወረደችው ቆብ

ለተከበሩ የታላቁ የቤት ዕቃ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ በተለይም ዓይንዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ዓይኔም ደኅና ነው። ይህን ከወዲሁ የምገልጸው፣ ቀኑን ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ የሰዓት ዕቃ ስለቅም የምውል ሰዓት ሠሪ ስለሆንኩ፣ ለሚከተለው አቤቱታዬ «መነጽርህን ቀይር» የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ በትሕትና ለመለመን ነው።

ኩባንያዎ የራሱን ፊደል ማሠራቱን የሰማሁት ከታላቅ እህቴ ነው። እህቴ ወጣትነቷን ሁሉ በእናንተ መጋረጃ ክፍል ስፌት መኪና ላይ ያሳለፈች፣ የከተማውን ግማሽ መስኮት ያለበሰች፣ በቅርቡም በጡረታ የተሰናበተች ሴት ናት። «ፊደል አሠሩ» ስትለኝ መጀመሪያ አላመንኳትም፤ ፊደል እኮ ሁላችንም በነፃ የወረስነው ነው፣ ምን ጎደለውና ነው የሚሠራው ብዬ ተከራከርኳት። ኋላ ግን በየቅርንጫፉ የምታድሉትን ያን የሚያብረቀርቅ መጽሔት አምጥታ ስታስነብበኝ ተረታሁ። ትልቅ ድርጅት በሰው ፊደል ሲጽፍ እንደ ተከራይ መሆኑን፣ የሚጽፍበት ኮምፒውተር በበዛ ቁጥር ኪራዩም እንደሚበዛ፣ የራሱ ፊደል ያለው ግን በስልክም፣ በመኪና ጎንም፣ በደረሰኝም ላይ አንድ መልክ ይዞ እንደሚታይ፣ ደንበኛም አርማውን ሳያይ ከአንዲት ቃል ብቻ «እነሱ ናቸው» እንደሚል ተማርኩ። በእውነት የሚያሳምን ነው። እኔም ብሆን የራሴ የእጅ ጽሑፍ አለኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ እስካሁን ማንም አልኮረጀብኝም።

ስለዚህ ቅሬታዬ በፊደሉ መሠራት ላይ ሳይሆን በአንዲት ቆብ ላይ ብቻ መሆኑን ይረዱልኝ። በመጽሔቱ «ንጹሕና ዘመናዊ አናት» ተብሎ የተሞገሰው ፊደላችሁ፣ «ሽ»ን ከ«ስ»፣ «ኝ»ን ከ«ን»፣ «ች»ን ከ«ት» የምትለየውን፣ ከላይ የምትደፋውን ያችን ሰረዝ እጅግ አድርጎ ስላቀጠናት ትንሽ ራቅ ሲሉ ድራሿ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ያገኘናቸው በረከቶች የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፦ በዋናው መደብራችሁ «የሚሸጥ» የሚለው ሁሉ «የሚሰጥ» ተብሎ ይነበባል። ጎረቤቴ የሆኑት ጫማ ሰፊ በኩባንያው ቸርነት ልባቸው ተነክቶ ሁለት ወንበር ተሸክመው ሲወጡ ዘበኛው ቢያስቆማቸው፣ «በጽሑፍ ሰጥታችሁ በቃል ትነሳላችሁ?» ብለው ሰው ሰበሰቡበት። ዘበኛውም ጽሑፉን ዞር ብሎ ካነበበ በኋላ አለቃውን ጠራ።

፪ኛ፦ አጎቴ ስለ ተሰበረ አልጋው ሊያመለክት መጥቶ፣ «ሴቶት» የሚባሉ ኃላፊ ቢሮ ነው ብሎ ያመነበትን በር አንኳኩቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ በአክብሮት ሲጠብቅ ከውስጥ የወጡት ወይዘሮ ምን እንዳሉት ለእርስዎ ክብር ስል አልጽፈውም።

፫ኛውና ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የእህቴ ሽኝት ነው። እህቴ ከኩባንያው ሽልማት አልጠየቀችም፤ «ዘመዶቼ ባሉበት በወግ በማዕረግ ሸኙኝ» ብቻ አለች። ለሰው ስትሰፋ ኖራ ለራሷ አዲስ ቀሚስ የሰፋችው ለዚያ ቀን ነው። እኛም ቤተ ዘመድ ሁሉ አበባችንን ይዘን፣ ጫማችንን አስጠርገን መጣን። በኮሪደራችሁ ላይ ሁለት ቀስቶች ጠበቁን፤ ወደ ቀኝ «ሽኝት»፣ ወደ ግራ «ሽንት ቤት»። ክቡር ሆይ፣ የሁለቱንም ቆብ ያውልቁና እርስዎ ራስዎ ያንብቡልኝ፤ አንዱ «ስንት»፣ ሌላው «ስንት ቤት» ነው። ግማሾቻችን «ስንት» የሚለውን ገንዘብ መክፈያ ነው ብለን ሸሸነው። ብልሆቹ ደግሞ «ይሄ ፊደል ቆብ አያውቅም፣ ቤት የሚለው አዳራሹ መሆን አለበት» ብለው ተፈላሰፉና ሁላችንን ወደ ግራ መሩን። አክስታችን አበባዋን እንዳቀፈች ሰልፍ ይዛ፣ ከፊቷ ያለውን ሰው «ለመሰናበት ነው ወይስ ለሌላ?» ስትል የጠየቀችው ያኔ ነው።

አዳራሹን ስናገኘው ንግግርዎን ጨርሰው ወርደዋል። ባልደረቦቿ ፈረቃ ላይ ስለነበሩ ያደመጡዎት ባዶ ወንበሮች ናቸው፤ አንደበትዎ እጅግ ያማረ ነበር ብላ እህቴ ነግራኛለችና ወንበሮቹን ወክዬ አመሰግናለሁ። ከራሷ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ «የክብር ስንት» ይላል። ፎቶውም በመጽሔታችሁ የፊት ገጽ ላይ ስለወጣ፣ በሰፈራችን የክብሩ ዓይነት በየዕለቱ እየተተረጎመ ነው፤ የትኛው ትርጉም እንደበዛ መገመት አያቅትዎትም።

እህቴ ይህን ሁሉ እየተረከች ከእኛ በላይ ትስቃለች። እኔ ግን ሳቋን አውቀዋለሁ፤ ሲከፋት የምትስቀው እንዲህ ነው። ቀሚሷንም ዳግመኛ አልለበሰችውም። እኔም በጣም ተናድጃለሁ፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ።

ስለዚህ የምለምነው ቀላል ነው፤ ፊደላችሁ የእናንተው ይሁን፣ ይመርቅላችሁ፤ ነገር ግን ቆቡን ደፍቶ፣ ዘመዶቿ በተቀመጡበት፣ እህቴ በዚያው ቀሚሷ በድጋሚ ትሸኝ። ንግግሩን አሁን ስለለመዱት አይከብድዎትም።

ለአናትዎ ጤናን፣ ለፊደላችሁ አናት ጥቂት ቀለም እየተመኘሁ፣ ወንበር ሆኜ ባለመገኘቴ ከልብ እየተጸጸትኩ፣ እጅ እነሳለሁ።

የመጋረጃ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም፣
ሰዓት ሠሪው

ማስታወሻ፦ ሽኝቱን መድገም የማይመች ከሆነ አይጨነቁ። በመደብራችሁ መስኮት ሥር ያለውን «የሚሰጥ» የተባለውን ሰማያዊ ሶፋ እህቴ መርጣዋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት መላው ቤተ ዘመድ መጥተን እንወስደዋለን። በር ላይ «ስንት» የሚል ቃል የሚያነሳብን ካለም፣ በእናንተ ፊደል ሽኝት ማለቱ እንደሆነ ስለምናውቅ፣ አመስግነን፣ እጃችንን አውለብልበን እንወጣለን።