የኋላው በር ላይ የደረቀው ሰም

ታዴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። የሙት ዓመትህን ያለ ድግስ ነው ያሳለፍነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩ፣ ዘመሩ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እኔ እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። ለሞተ ባሏ ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ባይ ኖሮ ነካ ያደርጋታል እል ነበር። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለኝ። ካንተ በፊት ለሌላ ሰው ስለተናገርኩት ቅር እንዳይልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እዚያው ሂልቶፕ ሰፈር፣ ያችው ቤት ውስጥ ነን። «እኔ አስተካክለዋለሁ፣ ሰው እንዳትጠሪ» ያልከኝ የወጥ ቤት መስኮት አሁንም አይገጥምም፤ ፎጣ ወትፌበታለሁ። ምሕረት አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ በቁመት አልፋኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ያውም ከመለሰች። ካንተ በኋላ ዝምታ አብዝታለች፤ ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት። እኔ የአስታማሚነት ሥልጠናውን ጨርሼ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አገላብጣለሁ። አውቶቡሱ ስለማያመች እየነዳሁ ነው የምሄደው። አዎ፣ እኔ! «መሪውን እንደ አራስ ልጅ አትቀፊው» እያልክ የሳቅክብኝ ሴትዮ ሀይዌይ እገባለሁ። እጄን አሁንም ያልበኛል፤ ግን እገባለሁ።

የምጽፍልህ በዚያችው መኪና ምክንያት ነው።

ክሊንተንቪል ከነበሩት ሽማግሌ የገዛሃት ቀን ትዝ ይልሃል? «ቁልፉን ሲሰጠኝ ልጁን እንደሚድር አባት እንባው ሞላ» ብለኸኝ ነበር። ሽማግሌው የነገሩህ አንድ ነገር ነው፤ ክረምት ሳይገባ ሰም ቀባት፣ አለበለዚያ ጨው ይበላታል። መጀመሪያ አላመንክም። በረዶ ሲወርድ የመንግሥት መኪና በረዶውን ለማሟሟት ብሮድ ስትሪት ላይ ጨው እየበተነ ሲያልፍ ከመስኮት አይተህ «ኧረ በስማም፣ እኛ አገር እኮ ጨው ገንዘብ ነበር፤ እነዚህ መንገድ ላይ ይደፉታል!» እያልክ ሳቅክ። በጸደይ የጎረቤታችን መኪና ከሥሩ ተበልቶ ዝገቱ እንደ ደረቅ እንጀራ ሲረግፍ ስታይ ግን ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሽማግሌውን ቃል እንደ ወንጌል ያዝከው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ቅዳሜ የመኪናዋ ቀን ነው። ማንም አይናገርህም። አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ከቤቱ ጥላ ሥር ታቆማታለህ፤ ፀሐይ ላይ ሰም አይቀባም። ጠፍጣፋዋን ጣሳ ትከፍትና በስፖንጅ ዛቅ አድርገህ ክብ ክብ እያደረግክ ትቀባለህ። ደርቆ ነጭ እስኪሆን ትጠብቃለህ። ከዚያ በተቀደደ ካናቴራህ ትወለውላለህ፤ በቀኝ ስትገፋ በግራ ትደግፋለህ፣ ሲደክምህ እጅ ትቀይራለህ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ትላለህ በየመሀሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ለእኔ እንዲህ ቅባት ገዝተህልኝ ታውቃለህ?» ስልህ «አንቺ ጨው አይበላሽም፣ አንቺ ራስሽ ነሽ ሰው የምትበዪ» ትለኛለህ። እኔ እንድነካ የተፈቀደልኝ መስታወቶቹን ብቻ ነበር።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ እንዲህ አልነበረችም። ቀስ ብለህ ነበር የምትሠራው። በወጥ ቤቱ መስኮት አይሃለሁ፤ ጣራውን፣ ኮፈኑን፣ የቀኙን ጎን ጨረስክ። ወደ ግራ ዞረህ የኋላውን በር ቀባኸውና ሰሙ ሳይደርቅ፣ ሳትወለውለው ትተኸው ገባህ። ወንበር ላይ ተቀመጥክ። ግራ ትከሻህን ይዘህ እጅህን እስከ ክርንህ ድረስ አሸኸው። «ትከሻዬን ብርድ መታኝ» አልክ። ግንባርህ ላይ ላብ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ተቆጣሁህ። «በሸሚዝ ወጥተህ ታዲያ ምን ይምታህ!» አልኩህ። ቅባት አምጥቼ ትከሻህን አሸሁ፣ ዝንጅብል አፈላሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩብህ። ዝንጅብሉን ግማሹን እንኳ አልጠጣኸውም። ሲመሻሽ አልሻል ሲልህ ከሥራ የሰጡህ የሕክምና ካርድ ጀርባ ላይ ያለውን፣ ነርስ የሚጠየቅበትን ስልክ አየሁ። ምሕረት በሚቀጥለው ክፍል የትምህርት ቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠርቼ «ንገሪልኝ» እላት ነበር። የዚያን ቀን ግን ልጄን አስተርጓሚ ማድረግ ሰልችቶኝ፣ ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እችላለሁ ለማለት፣ ራሴ ደወልኩ።

«ማይ ሀዝባንድ ሃዝ ኮልድ» አልኳት።

ነርሷ ደግ ነበረች። ትኩሳት አለው? የለውም። ያስለዋል? አያስለውም። ጉሮሮውን ያመዋል? የለም። ሌላ የሚያመው አለ? ብላ ጠየቀችኝ፣ ታዴ። ጠይቃኛለች። «ኖ፣ ኦንሊ ኮልድ» አልኳት። ሁሉንም የነገርኳት መስሎኝ ነበር። በእኛ አፍ ብርድ ትከሻም ይገባል፣ ወገብም ይገባል፣ ሆድም ይገባል። በእነሱ አፍ «ኮልድ» ጉንፋን ነው፤ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አያልፍም። ይረፍ፣ ፈሳሽ ይጠጣ፣ በጥቂት ቀን ካልተሻለው ሐኪም ይየው አለችኝ። እኔም ፈተና እንዳለፈ ተማሪ እየተፍለቀለቅኩ መጥቼ ነገርኩህ። «ጎበዝ! አሁንማ ፈረንጅ ሆንሽ» አልከኝ። ከዚያ በኋላ የቀለድከው ቀልድ የለም። ጧት ለቤተ ክርስቲያን ልቀሰቅስህ ስመጣ ቀዝቅዘህ ነበር።

ለቅሶ ላይ ሁሉም «ቀኑ ደርሶ ነው» አለኝ። «ጌታ ነው የወሰደው» አለኝ። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ስልክ መደወሌን ለማንም አልተናገርኩም።

በሥልጠናው ሦስተኛ ሳምንት አስተማሪዋ ግራ ክንዱን የያዘ ሰው ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ላብ፣ ግራ ትከሻ፣ ግራ ክንድ፤ ልብ ነው፣ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ ጥሩ አለች። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እዚያ ቆሜ አንድ ሰበብ አገኘሁ። ታዴ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲፈትግ ነው የዋለው፤ የፈተገ ሰው ክንዱን አያመውም? ይህን ሐኪምም ቢያየው ይሳሳታል አልኩ። ፊቴን ታጥቤ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ይህችን ሰበብ እንደ ምርኩዝ ይዤ ወራቱን ተሻገርኩ፤ በእሷ ነው የበላሁት፣ በእሷ ነው የተኛሁት።

መኪናዋስ? የኋላው በር አንተ እንደተውከው ቀረ። የቀባኸው ሰም ደርቆ፣ የእጅህ ክብ ክብ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ዝናብም በረዶም አላስለቀቀውም። ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ቀለሙ ነው» እላለሁ። ምሕረትን በዚያ በር እንዳትገባ ከለከልኳት፤ ሳትከራከረኝ በሌላው በር ትዞራለች። እኔ ሳጥብ እንኳ እዚያ ስደርስ ውኃ ብቻ አፈስበታለሁ።

ዘንድሮ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ከኋላው ጎማ በላይ ቀለሙ አብጦ አየሁ፤ ምስር ታክላለች። በጥፍሬ ስነካት ተላቀቀችና ከሥሯ ቀዩ ዝገት ታየኝ። ያንተ መኪና እየተበላች ነው። በጣም አፈርኩ። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጣሳህን ከምድር ቤት አወጣሁ። አንተ እንደምታደርገው አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ጥላ ሥር አቆምኩ። ዝገቷን ፈግፍጌ ከመኪና ዕቃ መደብር ባመጣኋት ቀለም ሸፈንኳት። ሰም ቀባሁ፣ ጠበቅኩ፣ ወለወልኩ። ጣራውን በርጩማ ላይ ቆሜ ነው የደረስኩበት። የኋላውን በር ለመጨረሻ አቆየሁት። የዓመት ሰም በጨርቅ አይለቅም። አሮጌን ሰም የሚያስለቅቀው አዲስ ሰም ነው ስትል ሰምቼህ ነበርና በአንተ ክብ ላይ የእኔን ክብ ቀባሁበት። ካናቴራህን ይዤ ስወለውለው አብሮ ለቀቀ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጎረቤቲቱ ወጥታ «ደህና ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ። በሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አበራ፤ ፊቴ ታየኝ፤ ባይታየኝ ይሻል ነበር።

በነጋታው እሑድ ጧት መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን ላበጥር ማበጠሪያውን ሳነሳ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ትከሻዬ ተቆራምዶ አድሯል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ታዴ፤ ይኸው፣ የፈተገን ሰው ያመዋል፣ ሰበቤ እውነት ነው አልኩ። ከዚያ የያዝኩትን ክንድ አየሁት። ቀኙ ነው። ግራዬን አነሳሁት፣ አወረድኩት፤ ምንም የለውም።

አንተም እንደኔ ቀኝ እጅህ ነበር የሚቀናህ። ያን ጊዜ በመስኮት ያየሁህን ደግሜ አየሁ። ግራ እጅህ ኪስህ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜ በሁለት እጁ የሚሠራው ሰው ጣራውንም ኮፈኑንም በአንድ እጁ ሲወለውል እያየሁ «በርዶት ነው» ብዬ ሽንኩርቴን እከትፍ ነበር። ያ እጅ ምንም አልሠራም። ያላሠራኸው እጅ ነው የታመመው። አንዲት ጥያቄ ነበረች የቀረችው፤ «ይህ ግራ እጅህ በምን ደክሞ?» ማለት ብቻ። አልጠየቅኩህም። ምርኩዜ እዚያ መስታወት ፊት ተሰበረ።

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አነሳሁ። ሰው ሁሉ ለዓመቱ ጌታን ላመሰግን የተነሳሁ መሰለው። «ባለቤቴ ብርድ መታኝ አለኝ» አልኩ። «አሜን» አሉ። «እኔም ስልክ ደውዬ ኮልድ ነው አልኩ» ስል «አሜን» አሉ። ልማድ ነው፣ አልፈርድባቸውም። «ልቡ ነበር። እኔ በአንድ ቃል ገደልኩት» ስል ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አሁንም «አሜን» አለ። ብርድ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ግራ ክንድ ሲሆን አትጠብቁ፣ ስትደውሉም የሚያመውን ቦታ በጣታችሁ እንደምታሳዩ አድርጋችሁ ተናገሩ አልኩና ተቀመጥኩ። ሲያልቅ እትዬ ብርቄ፣ ስትሞት ያጠቡህና የገነዙህ የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ ክንዴን ይዘው «ምነው ልጄ፣ ጌታ የወሰደውን ገደልኩት ትያለሽ? በራስሽ ላይ አትፍረጂ» አሉኝ። ፍቅራቸው ነው። እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ስንመለስ ምሕረት ከጎኔ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በሰው ፊት አሳፈርኳት ብዬ ፈራሁ። ብሮድ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ «ማም፣ አይ ሃርድ ዩ» አለችኝ፤ ሰምቼሻለሁ ማለቷ ነው። የዚያን ጧት ቤተ ክርስቲያን የተናገርኩትን ያለች መስሎኝ ነበር። «ኖ። ዛት ዴይ፣ አባዬ የታመመ ቀን። በስልክ ኮልድ ስትያት ሰምቼሻለሁ። ኢት ዎዝ ሮንግ፤ ስህተት እንደሆነ አውቄ ነበር። ልነግርሽ ነበር። ግን ራስሽ ስላወራሽ በጣም ደስ ብሎሽ ነበር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላዬ ጥሩንባ ጮኸ። እንደምንም ዳር አወጣሁ። ዓመት ሙሉ፣ ታዴ! በአንድ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ እኔ አንተን ገደልኩ ስል እሷ ደግሞ፣ ሕፃን ልጅ፣ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ስትል ኖራለች። እኔ ሐዘን ነው ያልኩት ዝምታ ይህ ነበር። ዳግመኛም ያመማትን ሌላ ስም ሰጥቼ ትቻት ነበር። አቅፌ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ያንቺ አይደለም» አልኳት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አላመነችኝም፤ ያላመነ ሰው እንዴት እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ፣ እኔም ለእትዬ ብርቄ እንዲያ ነው የነቀነቅኩት።

ልነግርህ የፈለግኩት ይህ ነው። ይቅርታ ልጠይቅህ ነበር የተነሳሁት፤ አሁን ግን ለራሴ የምለምንበት ጊዜ የለኝም። አንተን ቀኑ ደርሶ እንደሄደ ሰው አላስታውስህም፤ ተሳስቼ እንዳጣሁህ ሰው ነው የማስታውስህ። ከቤታችንም ስምህን አላጠፋም፤ ለእሷ ስል እያነሳሁህ እኖራለሁ። ዛሬ ጧት ነግሬያታለሁ፣ ማታም እነግራታለሁ፣ ነገም፤ ያንቺ አይደለም እያልኩ፣ እስክታምነኝ። በአማርኛም፣ በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬም። ብሳሳት አሁን ታርመኛለች፤ እንድታርመኝ ለምኛታለሁ።

ያንተዋ
ሰናይት